በኦፕራሲዮን ለምትወልድ እናት አንቲባዮቲክ መቼ ይሰጥ?

በኦፕራሲዮን የምትወልድ እናት በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሏ በምጥ ከምትገላገለዋ ከ5 እስከ 20 እጥፍ እንደሚበልጥ ይገመታል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ማህፀኗም ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሕመም ባይኖራትም አንቲባዮቲክ ይሰጣታል፤ ይህም አደጋውን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ቁም ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ቀደም ሲል ብዙ ሐኪሞች መድኃኒቱን የሚሰጡት እትብቱ ከታሰረ በኋላ ነበር፤ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ በመስጋት። ስጋቱ ከደግነት የመነጨ ቢሆንም ክፍተት ነበረው። ምላጩ ቆዳውን ሲቀድ ባክቴሪያው መንገድ ያገኛል፣ መድኃኒቱ ግን ገና ደም ውስጥ አልደረሰም። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት፣ በተቻለ መጠን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ነው። በዚህ የተነሳ በሕፃናቱ ላይ ኢንፌክሽን ሲጨምር አልታየም።

ሌላው ጉዳይ መጠኑ ነው። ኢንፌክሽን ከሌለ እንደ ሴፋዞሊን ያለ መድኃኒት አንድ ጊዜ መወጋቱ በአብዛኛው ይበቃል። «ለማንኛውም» እየተባለ ለቀናት የሚቀጥለው መርፌና ኪኒን የቤተሰብን ኪስ ከማራቆቱም በላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበራክታል። ከወሊድ በኋላ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ግን ነገሩ መከላከል መሆኑ ቀርቶ ሕክምና ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።