በራም ጠርዝ ላይ ያለው ወርቅ

የአሮጌ ኮምፒዩተር ራም አውጥተው ጠርዙን ቢያዩት፣ በረድፍ የተደረደሩ ቢጫ ጥርሶች ያገኛሉ። እውነተኛ ወርቅ ናቸው። መዳብ አየር ሲያገኘው ይዝጋል፤ የዛገ ጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቅጡ አያስተላልፍም። ወርቅ ስለማይዝግ አምራቾች በመዳቡ ላይ ኒኬል፣ በኒኬሉ ላይ ወርቅ ይቀባሉ። ቅቡ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል እንኳ ውፍረት የለውም።

ይህን ቅብ በየቤታቸው የሚያጠሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ሥራቸው የሚጀምረው ወርቁን በመፋቅ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን በማሟሟት ነው። የተቆረጡት ጫፎች መዳብ በሚበላ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ። ፈሳሹ ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይሆናል። መዳቡ ሲያልቅ ወርቁ የሚይዘው ያጣና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ይላቀቃል።

ልጣጩን ለማጥራት ደግሞ ራሱን ወርቁን ማሟሟት ያስፈልጋል። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን ወርቅ አያሟሟም፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን፣ ናይትሪኩ ከወርቁ አቶም ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከሃይድሮክሎሪኩ የመጣው ክሎራይድ የተነጠቀውን አቶም ወዲያው ይዞ ወደ ፈሳሹ ያስገባዋል። ድብልቁ አኳ ሬጂያ ይባላል።

የዚህን ድብልቅ ጉልበት እንደ ኮፐንሃገኑ ታሪክ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1940 የናዚ ጦር ዴንማርክ ሲገባ፣ በፊዚክስ ሊቁ በኒልስ ቦር የምርምር ተቋም ውስጥ የጀርመናውያኑ የፊዚክስ ሊቃውንት የማክስ ፎን ላውና የጄምስ ፍራንክ የኖቤል የወርቅ ሜዳሊያዎች በአደራ ተቀምጠው ነበር። ከጀርመን ወርቅ ማስወጣት ከባድ ወንጀል ነበር፤ ሜዳሊያዎቹ ላይ ደግሞ የባለቤቶቹ ስም ተቀርጿል። ሃንጋሪያዊው ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቬሺ ሁለቱንም በአኳ ሬጂያ አሟሟቸው። ፈሳሹ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ጦርነቱ አለፈ፤ ማንም አልነካውም። ወርቁ ከፈሳሹ ወጥቶ ወደ ስቶክሆልም ተላከና ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተሠሩ።

ወርቁን ከፈሳሽ መመለስ የሙያው ልብ ነው። በመጀመሪያ የተረፈው ናይትሪክ መወገድ አለበት፤ አለዚያ የወረደው ወርቅ ተመልሶ ይሟሟል። ከዚያ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ሲጨመር ወርቁ ወደ ታች ይዘቅጣል። የሚያየው ሰው ግን ወርቅ ነው ብሎ አያምንም፤ መልኩ ቡናማ ጭቃ ነው። ሁሉም መውረዱ የሚታወቀው ከፈሳሹ ጠብታ ወስዶ በቆርቆሮ ክሎራይድ በመፈተን ነው፤ ጠብታው ወይን ጠጅ ከሆነ ገና የቀረ ወርቅ አለ። ጭቃው ታጥቦና ደርቆ ከ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲቀልጥ ያን ጊዜ ቢጫው ይወጣል።

ኬሚስትሪው ውብ ነው። ቤት ውስጥ መሠራቱ ግን ያሳስበኛል። አሲዱ ሲሠራ የሚወጣው ቀይ ቡናማ ጭስ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። የተነፈሰው ሰው ለጊዜው ደህና ነኝ ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ይሞላል። መስኮት መክፈት አይበቃም። የተረፈው አሲድም መዳብ፣ ኒኬልና እርሳስ ስለተሸከመ ቱቦ ውስጥ አይደፋም።

ለዚህ ሁሉ አደጋ የሚገኘው ስንት ነው? በአንድ ቶን የሞባይል ቀፎ ውስጥ 300 ግራም ገደማ ወርቅ አለ ይባላል። ከማዕድን ድንጋይ ጋር ሲነጻጸር ሀብታም ነው፤ ብዙ ማዕድን በቶን ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚሰጠው። ለአንድ ሰው ግን አንድ ግራም ለመሙላት ሠላሳ ያህል ስልክ ያስፈልገዋል፤ ያውም ምንም ሳይባክን። ጃፓኖች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ 32 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ያገኙት ከመላ አገሪቱ 79 ሺህ ቶን የሚጠጋ አሮጌ ዕቃ ሰብስበው ነው።

እኛ ዘንድ ቆራሌው ከየቤቱ የሚሰበስበው ስልክና ኮምፒዩተርም ይህን ወርቅ ይዟል። በቤት ሊሠራ የሚችለው መፍታቱና መለየቱ ነው፤ ራሙን ለብቻ፣ ፕሮሰሰሩን ለብቻ፣ ማዘርቦርዱን ለብቻ። የተለየ ቦርድ ካልተለየው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። አሲዱና እሳቱ ጭሱን የሚያጣራ ምድጃ ላላቸው ይቆይ፤ ቤልጂየም ሆቦከን ያለው የዩሚኮር ፋብሪካ ከእንዲህ ዓይነት ቦርድ ከወርቁ ሌላ ብርና ፓላዲየምም ያወጣል፤ በጓሮ አሲድ ግን እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከቆሻሻው ጋር ይጣላሉ።