ሸክም የማይሆን እንግዳ

በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አልጋ፣ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ ባለው የቤት መኪና ልጆቻቸውንና የትውልድ ከተማ ወዳጆቻቸውን ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው። መንገዱን ያቀናላቸው እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የአውራ ጎዳና ሕግ ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በቆጣቢነቱ ቢሆንም፣ ትልቁ ጥቅሙ ግን ዘመድን ሳያስቸግሩ መጠየቅ ማስቻሉ ነው።

ወጪው ይከብዳል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ትልቁ ዓይነት መኪና በአንድ ጋሎን ቤንዚን የሚሄደው ከ10 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢንሹራንሱና የጥገናው ወጪም አለ። ለሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ሆቴል ይረክሳል። ይሁንና ሆቴል እንግዳውን ከቤተሰቡ ያርቃል፤ ልጅ ቤት ማደር ደግሞ የልጅ ልጆችን ከአልጋቸው ያስነሳል። ደጃፍ ላይ የቆመ መኪና ሁለቱንም ያስቀራል፤ አዛውንቱ ሌሊት በራሳቸው አልጋ ተኝተው፣ ጠዋት ከቤተሰቡ ጋር ቁርስ ይቀርባሉ።

ሌላው ተቃውሞ ብዙ ከተሞችና የሰፈር ማኅበራት መኪናው መንገድ ዳር እንዲያድር አለመፍቀዳቸው ነው። ፍሳሹም ጣጣ አለው፤ ማራገፊያ ጣቢያ ላይ መጀመሪያ የመጸዳጃው ታንከር ይለቀቃል፣ ቀጥሎ የመታጠቢያው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ለዚህ መላው በአቅራቢያው ካምፕ ማረፍ ነው። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፓርክ መግቢያ ካርድ ሲያወጡ፣ በብዙ የፌዴራል ካምፖች ግማሽ ዋጋ ይቀነስላቸዋል። እንግዲህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት በሚተርፈው ገንዘብ ሳይሆን ከዘመድ ጋር በሚገኘው ጊዜ ነው፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚጓዝ ግን ከመግዛት መከራየት ይሻላል።