የሕፃኑ ድስት

ደጀን በዓባይ በረሃ አፋፍ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ይመረታል። ይሁን እንጂ እህል የሞላበት ቤት ሁሉ ሕፃኑን በሚገባ ይመግባል ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሚገኙት ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአመጋገብ ጉድለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ የእናት ጡት ብቻውን ለሕፃን አይበቃም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት ቶሎ ይሞላዋል እንጂ አያጠነክረውም። ስለዚህ ሦስት እጅ ስንዴና አንድ እጅ ሽምብራ ታምሶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ ቢቀመጥ፣ ከሥራ የተመለሰች እናት በአጭር ጊዜ ወፈር ያለ ገንፎ ልታዘጋጅ ትችላለች። ወተት ወይም ዕንቁላል ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ገንቢ ይሆናል። ለመክሰስ ተቀቅሎ የላመ ድንች ወይም ሙዝ ይስማማዋል፤ ቆሎ ግን ጉሮሮውን ሊዘጋው ስለሚችል አይሰጠውም።

አንዳንድ ቤተሰብ በጾም ወራት የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ በማለት ለሕፃኑም ወተትና ዕንቁላል አይሠራለትም። ሆኖም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ብትለይለት፣ የቤተሰቡ ጾም አይፈርስም፤ ልጁም አይጎዳም።