ባቡር በምን ይመደባል?

ድሬዳዋ ሁለት ዓይነት ሐዲድ አላት። መሐል ከተማ ያለው፣ ነባር ነዋሪዎች «ሸመንደፈር» የሚሉት የፈረንሳዮቹ መስመር፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ደረሰ (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተዘረጋውና በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ልዩነቱ 43 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ይሁንና የአሮጌው መስመር ፉርጎ አዲሱ ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ መንኮራኩሮቹ በብረቶቹ መሐል ይወድቃሉ።

የምድር ባቡር መሐንዲሶች ከሁሉ በፊት የሐዲዱን ስፋት የሚጠይቁት ለዚህ ነው። 1,435 ሚሊ ሜትር «ስታንዳርድ ጌጅ» ይባላል፤ ከዓለም ሐዲድ ከግማሽ በላዩን ይዟል። ሩሲያ በ1,520፣ ሕንድ በ1,676 ሚሊ ሜትር ከዚህ ሰፋ ያለውን መርጠዋል። ጠባቡ ሐዲድ የተራራ አገር ምርጫ ነው፤ ጠበብ ባለ መታጠፊያ ይዞራል፣ ቆፈራውና ድልድዩም ይረክሳል። ጣሊያኖች ከምጽዋ ተነሥተው በ1911 አሥመራ ያደረሱት መስመር 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ርካሹ ግን ዕዳ አለው። ጃፓን በ1,067 ሚሊ ሜትር ሐዲዷ ላይ እንደ ልቧ መፍጠን ስላልቻለች፣ በ1964 ቶኪዮን ከኦሳካ ያገናኘውን ፈጣን ባቡር በስታንዳርድ ጌጅ ከነባሩ ለይታ እንደ አዲስ ዘረጋችው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ባቡሩን የሚጎትተው ምንድን ነው የሚል ነው። እንፋሎት ታሪክ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ፉክክሩ በናፍጣና በኤሌክትሪክ መካከል ነው። ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚሄደው አዲሱ የኬንያ መስመር ሐዲዱ ከኢትዮጵያው ጋር እኩል ቢሰፋም በ2017 ሥራ የጀመረው በናፍጣ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ከራስ በላይ ከተዘረጋ ሽቦ 25,000 ቮልት ይስባል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ 750 ቮልት ይበቃዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ያለው ሜትሮ ሽቦ የለውም፤ ኤሌክትሪኩ ከጎን በተዘረጋ ሦስተኛ ብረት ይመጣል፤ ያን የነካ አይተርፍምና ሐዲዱ ከእግረኛ ፈጽሞ መለየት ነበረበት። ኤሌክትሪክ በጉልበትም በወጪም ናፍጣን ያስንቃል፤ ሽቦ በተሰረቀ ወይም መብራት በጠፋ ቀን ግን ባቡሩ ባለበት ይቆማል።

ሥራውም ይለየዋል። የሞሪታንያው መስመር ከዙዌራት ማዕድን ማውጫ እስከ ኑዋዲቡ ወደብ 704 ኪሎ ሜትር የብረት አፈር ለማጓጓዝ ተሠራ፤ ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለ መስመር ዋና ጭንቀቱ ፍጥነት ሳይሆን በእያንዳንዱ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። አስቸጋሪው ሰውና ጭነትን አንድ ላይ የሚያስተናግደው ነው፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ከዚህ ይመደባል። ችግሩ መታጠፊያው ላይ ይታያል። ባቡር ሲዞር እንዳይገለበጥ የውጪው ብረት ከውስጠኛው ከፍ ይደረጋል። ለፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ተብሎ በጣም ከፍ ቢል፣ ቀስ ብሎ የሚያልፈው ከባድ የጭነት ባቡር በውስጠኛው ብረት ላይ ተጭኖ ይበላዋል። ለጭነቱ ተብሎ ዝቅ ቢል መንገደኛው ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሐንዲሱ ሁለቱንም ትንሽ እያስከፋ መሐሉን ይይዛል።

በፍጥነት መመደቡ ቀላል ነው። የዓለም አቀፉ የምድር ባቡሮች ኅብረት «ፈጣን» የሚለው አዲስ መስመር ከሆነ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሮጥ ነው። መካንና መዲናን የሚያገናኘው፣ በ2018 የተከፈተው የሐረመይን ባቡር 300 ይደርሳል። የጅቡቲው መስመር የተነደፈው ለ120 ነው።

ከተማ ውስጥ ሲገባ ግን መለያው ይወሳሰባል፤ እዚያ ዋናው ነገር ባቡሩ መንገዱን ከማን ጋር ይጋራል የሚለው ነው። ትራም ከመኪና ጋር ይጋፋል። ከእሱ ከፍ የሚለው ቀላል ባቡር የራሱ ሐዲድ ቢኖረውም መስቀለኛ መንገድ ላይ መብራት ይጠብቃል። ሜትሮ፣ ከ1863ቱ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጀምሮ፣ ከማንም ጋር አይገናኝም።

በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ባቡር በዚህ መሰላል ላይ ቦታው ግራ ያጋባል። በሰረገላው ካየነው የትራም ዘመድ ነው፤ አጭር ነው፣ ወለሉም ለመሳፈር ዝቅ ያለ ነው። መንገዱን ካየን ግን ወደ ሜትሮ ይጠጋል፤ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ምድር ውስጥ ይገባል፣ መሐል ከተማ ላይ በድልድይ ይሄዳል፣ በብዙ ቦታም በአጥር ተከልሏል። ከተማዋ የሜትሮን አጥር ከትራም ሰረገላ ጋር አጣምራለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። አጥሩ ግራና ቀኙን ሰፈር ሲለያይ፣ በአንድ ጉዞ የሚጫነው ሰው ቁጥር ከሜትሮ በብዙ ያንሳል። በዚያ ላይ የምሥራቅ–ምዕራብና የሰሜን–ደቡብ መስመሮች ከስታዲየም በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ ላይ የአንዱ ባቡር ሳያልፍ የሌላው አይገባም፤ ስለዚህ በሰሜን–ደቡቡ መስመር ቃሊቲ ላይ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ጉዞ በሌላው መስመር ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ባቡር ይወሰናል።

ከመሰላሉ ውጭ የሆኑም አሉ። የስዊዘርላንዱ ፒላቱስ ባቡር 48 በመቶ የሚደርስ ዳገት በጥርሳም ሐዲድ ይወጣል፤ ሻንጋይ ውስጥ ደግሞ በማግኔት ኃይል ሐዲዱን ሳይነካ የሚንሳፈፍ አለ። በመሰላሉ ላይ ካሉትም ቢሆን የዱባይ ሜትሮ በ2009 ሥራ ሲጀምር ሾፌር አልነበረውም።

አሁን ወደ መመደቢያነት እየመጣ ያለው ምልክት መስጫው ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋውን 392 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር የቱርክ ኩባንያ በአውሮፓ ደረጃ ሠራው፤ የጅቡቲው የተሠራው በቻይና ደረጃ ነው። ሐዲዳቸው እኩል ይሰፋል፣ ሁለቱም ለኤሌክትሪክ ባቡር የታሰቡ ናቸው። ያም ሆኖ አንድ ሎኮሞቲቭ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቆም እንዲያልፍ የምልክት መስጫው፣ የፍሬኑና የፉርጎ ማያያዣው ነገር አንድ በአንድ መጣጣም አለበት።