በቀዳዳ የተጻፈ ፕሮግራም፦ ሮተርዳም የሠራ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ለምን ያጨሳል?

አምና ለአባቴ ቮልስ ሁለት ያገለገሉ የዌበር ካርቡራተሮች ሮተርዳም ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ ላክሁ። ሻጩ በራሱ መኪና ላይ ገጥሞ አስነስቶ አሳይቶኝ ስለነበር ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ሲገጠሙ ግን ቮልሷ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች። ዳገት ላይ ትደክማለች፣ ካንዴላዎቹም በሳምንት ውስጥ ጥላሸት ለበሱ።

ለመካኒኩ ደወልኩና «ጋሼ፣ እዚህ እኮ በደንብ ይሠራ ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ያንተ አገር አየርና የእኛ አገር አየር አንድ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚል ፕሮግራመር ሰምቼ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ፤ ያን ቀን ግን ያው ሰውዬ እኔው ነበርኩ።

ካርቡራተር ምን ያሰላል?

ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ በፍጥነት ያልፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ተስቦ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ጄት የሚባል፣ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የናስ ቡሎን ነው። ላዩ ላይ 130 ተብሎ ከተጻፈ ቀዳዳው 1.30 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

እዚህ ውስጥ ሴንሰር የለም። አዲስ መኪና ላይ ያለው ኢንጀክሽን የአየሩን ግፊት ወይም መጠን ለክቶ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ካርቡራተር ግን ቋሚ ቁጥሮቹ ናስ ላይ የተበሱ ፕሮግራም ነው። ቁጥሩን ለመቀየር ቡሎኑን ፈትቶ ሌላ ማሰር ያስፈልጋል።

የከፍታው ሒሳብ

አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አንድ የነሐስ ቡሎን ለጎብኚ ይታያል፤ ቁመቱ የኔዘርላንድስ ከፍታ ሁሉ የሚለካበትን ዜሮ ያመለክታል። ከሮተርዳም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ከዚያ ዜሮ 6.76 ሜትር ዝቅ ያለ መሬት አለ። አዲስ አበባ በአንጻሩ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ ቤንዚኑ በአንድ አምስተኛ ይቀነስ? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ ጉሮሮው ውስጥ ቤንዚን የሚስበው ኃይልም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ድብልቁ የሚዛባው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የ0.79 ስኩዌር ሩት 0.89 ይሆናል፤ ቤንዚኑ ከሚገባው 12 በመቶ ገደማ በዝቷል ማለት ነው። የቀዳዳው ስፋት ወደ 0.89 መውረድ ካለበት ደግሞ ዲያሜትሩ በ0.94 ይባዛል። 130 × 0.94 = 122።

ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ዳኛ ካንዴላው ነው። ጄት መቀየር ጭሱን ያጠፋል እንጂ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት አይመልስም።

ያገለገለ ካርቡራተር ሲገዛ

ኔዘርላንድስ ለዚህ ዕቃ ጥሩ ገበያ ናት። ቮልስ ከጀርመን ውጭ መሸጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1947 እዚሁ ነው፤ 40 ዓመት የሞላው መኪና ደግሞ የመንገድ ግብር አይከፍልም። ስለዚህ አሮጌ መኪናም መለዋወጫውም ብዙ ነው፤ ማርክትፕላትስ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ ለምን እንደምትገዙ ወስኑ። ዘ ሄግ በሚገኘው ሎውማን ሙዚየም አምስተርዳም የተሠራች የ1903 ስፓይከር አለች። ለእንደዚህ ያለ መኪና ዋጋ ያለው ከፋብሪካ የወጣው ዕቃ ራሱ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ግን ከሌላ አምራች የመጣ ምትክም ይሆናል። ዌበርም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ነው፤ ኤዶአርዶ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1923 ቦሎኛ ውስጥ ለፊያት መኪኖች ምትክ ካርቡራተር ይሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ላዳ መኪኖች ካርቡራተርም በዌበር ፈቃድ ሩሲያ ውስጥ የተመረተ ነበር።

ከዚያ እነዚህን ተመልከቱ፦

- ጽሑፉን። 34 አይሲቲ የሚል ከሆነ 34 የመውጫው ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። «ስፔን» የሚል ስላያችሁ ሐሰተኛ ነው አትበሉ፤ ምርቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ ተዛውሯል።
- ዘንጉን። ቤንዚን ሲረገጥ የሚዞረውን ዘንግ በጣት ወዲያ ወዲህ ነቅንቁት። ከላላ በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ሚኒሞውም አይረጋም።
- መቀመጫውን። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አሳርፉበት። ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ተጣሟል።
- ውስጡን። ነጭ ዱቄት ካለ ዝገት ነው። እዚህ ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ተስፋፍቷል፤ ኤታኖል ውኃ ስለሚስብ ቆሞ የከረመ ካርቡራተርን ይበላል።
- ጄቶቹን። ቁጥራቸውን ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት፤ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ያሰፋ ሰው ቁጥሩን አይቀይርም።

እኔ የመጨረሻውን አላደረግሁም። መወልወላቸውን አይቼ ከፈልኩ።

አሮጌው ምን ያውቅ ነበር?

ዌበሮቹን ስልክ «አሮጌውን ሶሌክስ ጣሉት» ብዬም ነበር። ደግነቱ መካኒኩ አልሰሙኝም፤ በባዶ የወተት ቆርቆሮ አስቀምጠውት ነበር። ፈተው ጄቱን በፎቶ ሲልኩልኝ ቁጥሩ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ከመደበው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ማን እንደቀየረው አባቴም አያውቅም። ስሙ ያልታወቀ አንድ ባለሙያ የአዲስ አበባን ከፍታ ናሱ ላይ ጽፎ አልፏል፤ እኔ ደግሞ ሳላነብ ልሰርዘው ነበር።

125 እና 120 ጄቶች ላክሁላቸው። በ125 ትንሽ አጨሰች። በ120 ግን ካንዴላው ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ቀለም ያዘ። አሁን በካርቡራተሩ ላይ የታሰረች ካርድ አለች፦ ቀን፣ የጄት ቁጥር፣ ከተማ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያሉት አሮጌ መኪኖች በሌላ ቤንዚን መኪና አይተኩም፤ በየጋራዡ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችም እንዲሁ። አሮጌ ሲስተም ልትተኩ ስትነሱ፣ ኮድም ይሁን ካርቡራተር፣ መጀመሪያ ቁጥሮቹን አንብቡ።