ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ጋዜጣ የተመለሰው ፊደል

አያታችሁ ጋዜጣ ታነባለች እንበል። እናንተም ታነባላችሁ። የምታወሩት ቋንቋ አንድ ነው። ግን እሷ የተማረችውን ፊደል እናንተ አታውቁትም፣ የእናንተን ደግሞ እሷ አታውቀውም።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ማኒፑር በምትባለው ግዛት ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። እንዴት እዚህ ተደረሰ? (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ቋንቋው የቱ ነው?

ሜይቴይ ይባላል። በግዛቷ ስም ማኒፑሪም ይሉታል። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 1.76 ሚሊዮን ገደማ ሰው አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ብሏል። በአሳም፣ በትሪፑራ፣ በባንግላዴሽና በምያንማርም ይነገራል። ሕንድ ውስጥ ይነገር እንጂ የሂንዲ ዘመድ አይደለም፤ የሚመደበው ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ጋር ነው።

ፊደሉስ?

ሜይቴይ ማዬክ ይባላል። ደስ የሚለው ነገር አብዛኞቹ ፊደሎች ስማቸው የሰውነት ክፍል ነው። «ከ» ኮክ ነው፣ ጭንቅላት ማለት። «ሰ» ሳም፣ ፀጉር። «መ» ሚት፣ ዓይን። «ነ» ደግሞ ና፣ ጆሮ። ይሄ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በግዕዝ የ«ረ» ስም ርእስ፣ የ«ዐ» ዐይን፣ የ«ፈ» አፍ ነው።

ታዲያ ምን ነካው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፓምሄይባ የሂንዱ እምነትን የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረገ። በሱ ዘመን «ፑያ» የሚባሉት የሜይቴይ ጥንታዊ መጻሕፍት መቃጠላቸው እስከ ዛሬ በቁጭት ይነሳል። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ቀስ በቀስ በቤንጋሊ ፊደል መጻፍ ጀመረ፤ የራሱ ፊደል ከትምህርትና ከሕትመት ወጣ።

እንዴት ተመለሰ?

• በ1980 የማኒፑር መንግሥት 27 ፊደሎች ያሉትን ሜይቴይ ማዬክ በይፋ አጸደቀ። 18ቱ ነባር ናቸው፣ 9ኙ ከነሱ የወጡ።

• ማጽደቁ ብቻ ግን ክፍል ውስጥ አላስገባውም። ሰው ተቆጣ። በኤፕሪል 2005 «ፊደላችን ይመለስ» የሚሉ ተቃዋሚዎች ኢምፋል ከተማ ያለውን የግዛቱን ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት አቃጠሉ። በተቃጠሉ መጻሕፍት የሚቆጭ ንቅናቄ ራሱ መጽሐፍ አቃጠለ።

• ከዚያ በኋላ ፊደሉ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት ገባ።

• በ2009 ዩኒኮድ ውስጥ ተካተተ። ዩኒኮድ ማለት ስልካችሁ ፊደሎችን የሚያውቅበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው፤ እዚያ ያልገባ ፊደል በፎቶ ካልሆነ በቴክስት አይላክም። የኛ ፊደል የገባው በ1999 ነው።

• በሜይ 2022 ጎግል ትራንስሌት 24 ቋንቋዎች ሲጨምር ሜይቴይ አንዱ ነበር። ትግርኛና አፋን ኦሮሞም የገቡት በዚያው ዙር ነው።

• ጃንዋሪ 15፣ 2023 የማኒፑር ጋዜጦች የቤንጋሊን ፊደል ትተው በሜይቴይ ማዬክ መታተም ጀመሩ።

የአያትና የልጅ ልጁ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። በቤንጋሊ ፊደል የተማረ ትልቅ ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ የገዛ ቋንቋውን ጋዜጣ ማንበብ አቃተው። ልጆቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በቤንጋሊ ፊደል የታተሙትን መጻሕፍት ለማንበብ ይቸገራሉ። ፊደል መመለስ ትልቅ ድል ነው፣ ግን ዋጋ አለው።

አሁን ደረጃው ምን ላይ ነው?

በ1992 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሕንድ ሕገ መንግሥት በስም ከሚጠቅሳቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ ዛሬ 22 ናቸው። «ጥንታዊ ቋንቋ» የሚባለውን ልዩ እውቅና ግን ገና አላገኘም። በኦክቶበር 2024 አምስት ቋንቋዎች ይህን ሲያገኙ ሜይቴይ አልነበረበትም። ጥያቄው ቀጥሏል።

አሁን ወደራሳችን። ቻታችሁን ክፈቱና እዩ፤ ስንቱ አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው? እነሱ ፊደላቸውን ኪቦርድ ላይ ለማየት ስንት ዓመት ታገሉ። የኛ ግን ስልካችን ውስጥ አለ፣ የከለከለንም ንጉሥ የለም።

እናንተ በየትኛው ነው የምትጽፉት? ለምን? ኮመንት ላይ ንገሩን፤ በፊደል ከሆነ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል።