ስለ መሐል ሜዳ አሰላለፍ ምርጫ

እግር ኳስን የምትወዱ፣ ይልቁንም የሰፈር ታዳጊዎችን ሰብስባችሁ የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ፣ «ለመሐል ሜዳ የሚሻለው አሰላለፍ የትኛው ነው?» የሚል ስለ ሆነ፣ ዛሬ የማምንበትን ነገር ከነምክንያቱና ከነምሳሌው ላስረዳችሁ ወድጃለሁ።

የነገሩን ፍሬ አስቀድሜ ልናገር፤ አሰላለፍ የሚመርጥ አሠልጣኝ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚመርጠው ለባላጋራው የሚለቀውን ቦታ ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚሰናዳው ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ወርዱ 68 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም 7,140 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ምድር ግብ ጠባቂው ሳይቆጠር ለ10 ተጫዋቾች ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 714 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል፤ ይህን ያህል ቦታ ደግሞ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢበረታ አንድ ሰው ብቻውን ሊጠብቀው አይቻለውም። እንግዲህ ክፍተት የሌለበት ፍጹም አሰላለፍ ከሰው እጅ የማይገኝ ከሆነ፣ የአሠልጣኝ ጥበብ ቡድኑ ሊሸከመው የሚችለውን ክፍተት ዐውቆ መተው፣ ሊሸከመው የማይችለውንም ተግቶ መዝጋት ነው።

ከጥንታዊው እንጀምር። ሁለት አማካዮች በማእከል፣ ሁለት የመስመር ተጫዋቾች በግራና በቀኝ የሚቆሙበት 4-4-2 ሜዳውን በወርዱ አስተካክሎ የሚሸፍን፣ ለመማርም ለማስተማርም የሚቀል ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በባርሴሎናው ካምፕ ኑ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ፣ የአሪጎ ሳኪ ኤሲ ሚላን ፍራንክ ራይካርድንና ካርሎ አንቸሎቲን በመሐል አቁሞ ስቴዋ ቡካሬስትን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ሩድ ጉሊትና ማርኮ ቫን ባስተን ሁለት ሁለት ግብ አስቆጥረዋል። ነገር ግን የዚያ ቡድን ምሥጢር በቁጥሩ ላይ አልነበረም፤ ሳኪ ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ወደ 25 ሜትር ገደማ እንዲሆን አጥብቆ ያዝዝ ነበርና፣ አሥሩ ሰዎች ወደ ፊት ሲወጡ በኅብረት፣ ወደ ኋላ ሲመለሱም በኅብረት ስለ ነበር፣ ሁለቱ አማካዮች ከፊታቸውና ከኋላቸው ዘወትር ረዳት ያገኙ ነበር። ይህ ተግሣጽ በሌለበት ቡድን ግን በተከላካዮቹና በአማካዮቹ መካከል ያለው ስፍራ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ባላጋራውም አንድ ሦስተኛ ሰው ወደ መሐል ባስገባ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች ሦስቱን ሲያባርሩ ይውላሉ።

የዚህን ዕዳ ክብደት ለማየት የሚሻ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 በዌምብሌይ የተደረገውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ መልሶ ይመልከት። ማንቸስተር ዩናይትድ ማይክል ካሪክንና ራያን ጊግስን በመሐል ሲያቆም፣ በፔፕ ጓርዲዮላ የሚመራው ባርሴሎና ሰርጂዮ ቡስኬትስን ከኋላ፣ ዣቪንና አንድሬስ ኢኒዬስታን ከፊቱ አሰለፈ፤ በማኅሌት ጊዜ መሪጌታው ከመካከል ሆኖ ዜማውን ሲመራ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው እየተቀበሉ እንደሚያደምቁት፣ ቡስኬትስ የጀመረውን ቅብብል ሁለቱ በየአቅጣጫቸው እየተቀበሉ ያራምዱት ነበር። በዚህ ላይ ሊዮኔል ሜሲ ከአጥቂነት ቦታው ወደ ኋላ እየተመለሰ አራተኛ ሰው ስለሚሆን፣ ካሪክና ጊግስ ወደ አንዱ ቢቀርቡ ሌላው ነጻ ይሆንባቸው ነበር፤ ጨዋታውም በባርሴሎና 3 ለ 1 አሸናፊነት ተፈጸመ።

እንዲህ በሦስት ማእዘን የሚቆም መሐል ሜዳ ለማጥቃት ብቻ የተፈጠረ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2004/05 የውድድር ዘመን የጆዜ ሞሪንሆ ቼልሲ ክላውድ ማኬሌሌን ከተከላካዮቹ ፊት አቁሞ በ38 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች 15 ግብ ብቻ እንደ ተቆጠረበት ያስታውስ። ዕዳው ግን እዚህም አለ፤ ሦስቱ አማካዮች ወደ መሐል ሲሰበሰቡ የማጥቃቱን ስፋት ለመስጠት የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት መውጣት ግድ ስለሚሆንባቸው፣ ከጀርባቸው የሚቀረው ሜዳ ለፈጣን መልሶ ማጥቃት ይጋለጣል።

አራት ሰዎችን በመሐል የሚሰበስበው የዳይመንድ ቅርጽ ከሁሉ ይልቅ የሚያምርና ከሁሉ ይልቅ አደጋው የሚሰወር አሰላለፍ ነውና፣ በእርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ በዚያን ጊዜ የኤሲ ሚላን አሠልጣኝ የነበረው ያው አንቸሎቲ አንድሬያ ፒርሎን ከታች፣ ጄናሮ ጋቱሶንና ክላረንስ ሴዶርፍን በጎን፣ ካካን ከላይ አቁሞ ሊቨርፑልን ገጠመ። ሊቨርፑል ዣቢ አሎንሶንና ስቲቨን ጄራርድን ብቻ በመሐል ስላቆመ፣ በሁለቱ ጀርባ የሚንሸራሸረውን ካካን የሚይዝ ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያው አጋማሽ መገባደጃ ላይ ካካ ኳሱን በመሐል ሜዳ ተቀብሎ ከዞረ በኋላ የተከላካዮቹን መስመር ሰንጥቆ የላከለትን ኳስ ኸርናን ክሬስፖ በግብ ጠባቂው አናት ላይ አሳልፎ ሲያስቆጥር፣ ውጤቱ 3 ለ 0 ሆነ።

በእረፍት ሰዓት የሊቨርፑሉ አሠልጣኝ ራፋኤል ቤኒቴዝ ያደረገው ነገር ለማንኛውም አሠልጣኝ ትምህርት የሚሆን ነው። የመስመር ተከላካዩን ስቲቭ ፊናንን አስወጥቶ የተከላካይ አማካዩን ዲትማር ሀማንን አስገባ፤ ከኋላ ሦስት ተከላካዮችን ብቻ አስቀርቶ፣ ሀማንና አሎንሶ የካካን መተላለፊያ እንዲዘጉ፣ ጄራርድም ከጥበቃ ተግባሩ ነጻ ሆኖ ወደ ፊት እንዲወጣ አደረገ። ከዚህ በኋላ የመጡትን ግቦች አመጣጥ አስተውሉ። በ54ኛው ደቂቃ ዮን አርነ ሪሴ ከግራ መስመር ያሻማውን ኳስ ጄራርድ በራሱ ገጭቶ አስቆጠረ፤ ኳሱ የተነሣውም ዳይመንዱ የመስመር አማካይ ባለማቆሙ ባዶ ከሚተወው ከዚያው ጎን ነበር። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቭላዲሚር ስሚትሰር ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውጭ መትቶ ሁለተኛውን ጨመረ። በ60ኛው ደቂቃ ጄራርድ ወደ ግብ ክልሉ ሮጦ ሲገባ ከኋላው የደረሰው ጋቱሶ ጠለፈው፤ አሎንሶ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ዲዳ ቢመልሰውም፣ ራሱ አሎንሶ ተከትሎ ከመረቡ አሳረፈው።

አንቸሎቲም ዝም ብሎ አልተመለከተም፤ በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ አካባቢ ፈጣኑን ሰርዢኖን በሴዶርፍ ምትክ አስገብቶ በጎን በኩል ሊቨርፑልን ማስጨነቅ ሲጀምር፣ ቤኒቴዝ ጄራርድን ወደ ቀኝ መስመር አውርዶ ተከላካይ አደረገው። ሊቨርፑል ዋንጫውን በመለያ ምት ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአቴንስ ሁለቱ ቡድኖች በድጋሚ ሲገናኙ ግን አንቸሎቲ አንድ አጥቂ ቀንሶ ማሲሞ አምብሮዚኒን በአማካዮቹ ላይ ጨመረ፤ ፒርሎ፣ ጋቱሶና አምብሮዚኒ ከታች፣ ሴዶርፍና ካካ ከላይ፣ ፊሊፖ ኢንዛጊ ለብቻው ከፊት ሆነው 2 ለ 1 አሸነፉ። አብዛኞቹ ሰዎች ያው ነበሩ፤ የተለወጠው አሠልጣኛቸው ሊሸከመው የመረጠው ክፍተት ነው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለምርጫ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርብላችኋለሁ። መጀመሪያ፣ ከልጆቻችሁ መካከል ኳስ እግሩ ሳይደርስ አንገቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መልሶ ዙሪያውን የሚያይ ማን ነው? ይህን ተሰጥዖ በልምምድ ላይ ኳሱን ትታችሁ ዐይናችሁን በተጫዋቹ ላይ ብታሳርፉ በቀላሉ ትለዩታላችሁ፤ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ካለ ነጠላ የተከላካይ አማካይ አድርጋችሁ ሁለት ታታሪዎችን ከፊቱ አቁሙለት፤ ከሌለ ግን ሁለት ሰዎችን አጎዳኝታችሁ ሸክሙን አካፍሏቸው። ሁለተኛ፣ የመስመር ተከላካዮቻችሁ ወጥተው መመለስ ይችላሉን? የማይችሉ ከሆነ ዳይመንዱን አትንኩት፤ የጎኑን ስፋት የሚሞሉለት እነርሱ ናቸውና፤ ይህም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደ ተቆረቆረችው እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ፣ ትንፋሽ ቶሎ በሚያጥርበት አየር ለሚጫወቱ ልጆች ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ሦስተኛ፣ ተጋጣሚያችሁ ግብ የሚያገኘው በመሐል ሰንጥቆ ነው ወይስ ከጎን አሻምቶ? በመሐል ከሆነ በማእከል ሰው ጨምሩ፤ ከጎን ከሆነ በየመስመሩ ሁለት ሁለት ሰው እንዲኖራችሁ 4-4-2ን ምረጡ።

ፍርዴን በግልጽ እንድናገር ብትሹ፣ ለታዳጊዎች ቡድን መጀመሪያ የምመክረው ሦስት ማእዘኑን ነው፤ ኳስ የያዘው ልጅ ዘወትር ሁለት መቀበያዎች ስለሚያገኝ መቀባበልን ይማራል፤ ቡድኑ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሌላው ቅርጽ መሸጋገርም አይከብደውም። ሆኖም በቴሌቪዥን ያያችሁትን የአውሮፓ አሰላለፍ እንዳለ ወስዳችሁ በልጆች ላይ አትጫኑ፤ ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት በወረቀቱ ላይ ቁጥር ከመጻፋችሁ አስቀድሞ የልጆቹን ስም ጻፉ፣ ከእያንዳንዱም ስም አጠገብ የሚችለውንና የማይችለውን አስፍሩ፤ አሰላለፋችሁንም ከዚያ ዝርዝር አውጡ።